መገጣጠሚያዋ ያበጠ እናት አጥንቷም ይታከም
በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የሪውማቶይድ አርትራይተስና የአጥንት መሳሳት ችግር በተመለከተ ከሲሪንቃ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በሲሪንቃ፣ በመርሳ፣ በወልድያና በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች የምንኖርና በማኅበር የተሰባሰብን ሰዎች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ከመከርን በኋላ ይህን መግለጫ አውጥተናል። መግለጫችን የሚያነሣው ጉዳይ አንድ ነው። ሪውማቶይድ አርትራይተስ የያዛት እናት የታመመችው መገጣጠሚያዋን ብቻ አይደለም፤ አጥንቷም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሁለቱንም መያዝ አለበት እንላለን። በአካባቢያችን እስካሁን የተለመደው ግን ሕመሙን አስታግሶ ወደ ቤት መሸኘት ነው። ከሁሉ የሚያሳስበን ደግሞ ማስታገሻ ተብሎ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ራሱ አጥንት የሚያሳሳ መሆኑ ነው።

ሪውማቶይድ አርትራይተስ በዕድሜና በሥራ ብዛት መገጣጠሚያ ሲያልቅ ከሚመጣው ሕመም ይለያል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያ የውስጥ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው የሚፈጠር ብግነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጣቶች ሥር ባሉት አንጓዎች፣ በእጅ አንጓና በእግር ጣቶች ሥር ይጀምራል፤ ግራና ቀኙንም አንድ ላይ ይይዛል። ጉልበቱ ያለቀበት ሰው ሲሠራ ውሎ ማታ ላይ ይብስበታል። ይህኛው ግን የሚከፋው ጠዋት ነው። እናት ከመኝታዋ ስትነሣ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ጀበናውን አንሥታ ቡና መቅዳት ያቅታታል፤ እንጀራውን ከምጣዱ ለማውጣት ልጅ ትጠራለች፤ የነጠላዋን ጫፍ እንኳ መቋጠር ይከብዳታል። ፀሐይ ከፍ ሲል እጇ ፈታ ይላል፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡም እሷም ነገሩን ይረሱታል። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደገና ያው ነው።

ይህን ለመለየት የግድ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እናትን ሰላም ስትል እጇን ከጣቶቹ ሥር ዙሪያውን ቀስ አድርጋ ብትጨብጣት፣ እናትም “ኧረ ቀስ በይ” ብላ እጇን ብትሰበስብ፣ አንዱ ምልክት ተገኘ ማለት ነው። በዚያ ላይ የጠዋቱ መተሳሰር ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነና እብጠቱ በሁለቱም እጆች ላይ ከታየ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ከዚያም ወደ ሆስፒታል መላክ ተገቢ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት የሚመክረው ሕመምተኛው ምልክቱ በታየ በስድስት ሳምንት ውስጥ በባለሙያ እንዲታይ፣ ዋናው መድኃኒትም በሦስት ወር ውስጥ እንዲጀመር ነው። እኛ ዘንድ ግን ከብርድና ከእርጅና ተቆጥሮ ዓመታት ይታለፋል። ብዙ እናቶች ወደ ሕክምና የሚመጡት ጣቶቻቸው ወደ ጎን ከዞሩ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ 55 በመቶዎቹ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ነው። ይህ አጥንት በተፈጥሮ የሚሳሳበት ዕድሜ ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ አጥንትን የሚጠብቀው የኢስትሮጅን ሆርሞን ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት አንዲት ሴት ከአጥንቷ እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። ሪውማቶይድ አርትራይተስ የሚደርስባት እንግዲህ በዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ማወቅ ለአቋማችን መሠረት ስለሆነ ጥቂት እናብራራ። አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፤ በፈረሰው ቦታ አዲስ የሚሠሩም አሉ። በገጠር የጭቃ ቤት ግድግዳ የተሰነጠቀው እየተፋቀ በየጊዜው እንደሚመረግ ማለት ነው፤ የሚፈርሰውና የሚመረገው እስከተመጣጠነ ድረስ ቤቱ ይቆማል። በዚህ በሽታ ግን ሚዛኑ ይፈርሳል። ከተቆጣው መገጣጠሚያ የሚመነጩት ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 የተባሉት የብግነት መልእክተኞች እዚያው አይቀሩም፤ በደም ገብተው መላ ሰውነትን ያዳርሳሉ። ራንክኤል የተባለውን ፕሮቲን ያበዛሉ፤ እሱም አፍራሾቹን ሴሎች ያነቃል። በሌላ ወገን ዲኬኬ1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ሠሪዎቹን ያዳክማል። ማፍረሱ ሲበረታ መሥራቱ ይደክማል።

ስለዚህ አጥንቱ በሦስት ቦታ ይጎዳል። በታመመው መገጣጠሚያ ዳር አጥንቱ ተበልቶ ይቦረቦራል፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ይሳሳል፤ ከመገጣጠሚያው የራቁት የጀርባ አከርካሪና የዳሌ አጥንትም ይደክማሉ። ሐኪምም ቤተሰብም የሚረሱት ሦስተኛውን ነው፤ ምክንያቱም አያምም። ጣት ሲያብጥ ይታያል። የአከርካሪ አጥንት መሳሳት ግን አጥንቱ እስኪሰበር ድረስ ድምፁን አያሰማም። በተራ የራጅ ምርመራ እንኳ ጎልቶ የሚታየው ከአጥንቱ 30 በመቶ ያህሉ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚህም በላይ ፀረ ሲሲፒ የተባሉት የበሽታው ፀረ እንግዳ አካላት በደማቸው ውስጥ በሚገኙ ሰዎች ላይ መገጣጠሚያው ገና ሳያብጥ አጥንት መሳሳት እንደሚጀምር ተደርሶበታል። እናቲቱ “ትንሽ ይቆረጥመኛል” በምትልበት ጊዜ አጥንቷ መሳሳት ጀምሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ከ30 ሺሕ በላይ የሪውማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኞችን መዝገብ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ሕመምተኞቹ ዳሌያቸው የመሰበር ዕድሉ ከሌላው ሰው በእጥፍ፣ አከርካሪያቸው የመሰበር ዕድሉ ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ፍራክስ የተባለው የስብራት ሥጋት መለኪያም ሪውማቶይድ አርትራይተስን ራሱን የቻለ የስብራት ምክንያት አድርጎ ለብቻው ይጠይቃል። ነገሩ እኛ የፈጠርነው ሥጋት አይደለም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ አባሎቻችን ከሁሉ በላይ የተጨነቁበት እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በዚህ በሽታ ከአልጋ መነሣት ላቃታት አንዲት ሴት ኮርቲዞን ተሰጥቷት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራመደች። ሥራውን የመራው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን እንደሚያሳብጥ፣ ስኳር እንደሚያመጣ፣ አጥንትንም እንደሚያሳሳ ወዲያው ታወቀ። ዛሬ በእጃችን ያሉት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የዚያው ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። አጥንት የሚሠሩትን ሴሎች ይገድላሉ፤ ካልሲየም ከአንጀት እንዳይገባ ያግዳሉ፤ በሽንት እንዲወጣም ያደርጋሉ። አጥንት በብዛት የሚያልቀው መድኃኒቱ ከተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ነው። “ትንሽ መጠን ስለሆነ አይጎዳም” የሚባለውም ልክ አይደለም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ በቀን 2.5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ከሦስት ወር በላይ ለሚወስድ ማንኛውም አዋቂ የስብራት ሥጋቱ እንዲመዘን ያዛል። ግማሽ ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ደግሞ ከ3 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ይበልጣል። ከመድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ ገዝታ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ የምትውጥ እናት ይህን የነገራት የለም።

መድኃኒቱን አናወግዝም። ብግነቱ ራሱ አጥንት ስለሚበላ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በዝቅተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ዋናው መድኃኒት እስኪሠራ ድረስ ድልድይ ይሆናል። የምንቃወመው ድልድዩን መኖሪያ ማድረጉን ነው። ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ርካሽ ነው፤ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ ከተወሰደ ግን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ቀኑ በእናትየዋ ካርድ ላይ በአማርኛ ተጽፎ፣ ለልጇም ተነግሮ መሰጠት አለበት፤ ለምሳሌ “በየሳምንቱ ቅዳሜ” ተብሎ። ከእሱ ጋር ፎሊክ አሲድ ይታዘዛል፤ የደምና የጉበት ምርመራ ይደረጋል፤ ጠላና አረቄ ይቀራል። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚንም አማራጮች ናቸው። ብግነቱ በጊዜ ከተገታ መገጣጠሚያውም አጥንቱም ይድናል፤ ከአጥንት ጥበቃ ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው።

የአካባቢያችን ኑሮ በዚህ ላይ የሚጨምረው አለ። ሲሪንቃ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ግን ውኃ በሴት ጀርባ ነው የሚመጣው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። አከርካሪዋ የሳሳ እናት ይህን ከመሬት አንሥታ ለማዘል ስታጎነብስ ሳትወድቅ፣ ማንም ሳይነካት፣ አጥንቷ ተጨፍልቆ ሊሰበር ይችላል። ቤተሰቡ “ወገቧን ቀጨት አደረጋት” ይላል፤ ከወራት በኋላ ጎብጣ ትታያለች። ማገዶውም፣ ሊጡም፣ ከወፍጮ ቤት የሚመጣው ዱቄትም ያው ነው። ሌሊት ወደ ደጅ መውጣት፣ በረት አጠገብ የተዘረጋ ገመድ፣ በትራኮማ ወይም በሞራ የደከመ ዓይን መውደቅን ያበዛሉ። ዳሌያቸው ከሚሰበር አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ያህል በዓመቱ ውስጥ እንደሚሞት በሕክምና ዓለም የታወቀ ነው፤ ይህም ቀዶ ሕክምና በቅርብ በሚገኝበት አገር ነው።

ምግባችንም መታየት አለበት። ዕድሜዋ ከ50 በላይ የሆነ ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። ጤፍ በካልሲየም ከአብዛኞቹ እህሎች የተሻለ ነው፤ በ100 ግራም ዱቄት 150 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ይይዛል። በሀብሩ ቆላ ግን ብዙው ቤት የሚበላው ማሽላ ወይም ማሽላ የተቀላቀለበት እንጀራ ነው፤ ማሽላ ደግሞ ካልሲየሙ ከጤፍ እጅግ ያነሰ ነው። በደንብ የቦካ ሊጥ ካልሲየሙ ለሰውነት እንዲቀርብ ስለሚረዳ፣ ሳይቦካ ከሚጋገር ቂጣ እንጀራው ይመረጣል። ወተትና አይብ በቤቱ ቢኖርም ለገበያ ይሄዳል፤ ክርስቲያን እናቶች ደግሞ በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ቀን ይጾማሉ። ጾሙን የሚነካ ቃል ከእኛ አይወጣም። በጾም ወቅት ሰሊጥ ከነቅርፊቱ ተቆልቶ ተወቅጦ፣ ጎመንና ጥራጥሬ ከገበታው እንዳይጠፉ እንመክራለን፤ የሚያንሰውን በእንክብል መሙላት ይቻላል። ሙስሊም እናቶችም በረመዳን የሳምንቱን ሜቶትሬክሴት ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይችላሉ። ለአጥንት የሚያስፈልገውና ከፀሐይ የሚገኘው ቫይታሚን ዲም ፀሐይ በሞላበት አገራችን እንደሚያንስ ጥናቶች አሳይተዋል። እጇና እግሯ ታስሮ ከቤት የማትወጣ እናት ፀሐዩ ደጇ ላይ እያለ ታጣዋለች።

ጦርነቱንም ሳናነሣ አናልፍም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ መድኃኒት ተቋረጠ። ፕሬድኒሶሎን ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨው ተመሳሳይ ሆርሞን ስለሚያንሰው እስከ ሞት የሚያደርስ ድካም ውስጥ ሊገባ ይችላል። መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ለሚኖር ሕመምተኛ የመጠባበቂያ መድኃኒት ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዚህ መሠረት ማኅበራችን የሚከተለውን አቋም ይዟል። በሪውማቶይድ አርትራይተስ የተያዘች፣ የወር አበባዋ የተቋረጠ ማንኛዋም ሴት በሽታው በታወቀበት ቀን የስብራት ሥጋቷ ሊመዘን ይገባል። የአጥንት ጥግግት መለኪያ መሣሪያ የለም ተብሎ ይህ መቅረት የለበትም፤ ፍራክስ ያለ መሣሪያው ይሠራል። እንደ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቁመት፣ ከዚህ በፊት የደረሰ ስብራትና የምትወስደው መድኃኒት ያሉት መረጃዎች ከታወቁ በቂ ነው። በየጤና ኬላው የአዋቂ ሴቶች ቁመት በዓመት አንድ ጊዜ በካርድ ላይ ይመዝገብ። ከወጣትነቷ ቁመት አራት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያጠረች እናት አከርካሪዋ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ትነሣ። ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ማንኛዋም እናት ከሦስት ወር በላይ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ያለ አጥንት ጥበቃ እንዳትወስድ እንጠይቃለን። ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አብረው ይታዘዙ፤ ሥጋቷ ከፍ ያለ እናት ደግሞ በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን አለንድሮኔት ታግኝ። አለንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ተውጦ፣ ለግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ቀጥ ብሎ መቀመጥን ይጠይቃል። ይህ ካልተነገራት ጉሮሮዋን ያቆስላታል። ፕሬድኒሶሎንንና ዴክሳሜታዞንን ያለ ማዘዣ መሸጥ እንዲቆምም አጥብቀን እንጠይቃለን። ወጌሻዎቻችንን እናከብራለን፤ ነገር ግን ያበጠ መገጣጠሚያንና የጎበጠ ጀርባን ማሸትና መጎተት የሳሳ አጥንት ሊሰብር ስለሚችል እንዲተዉት፣ እናቶቹንም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ እንለምናለን። ጠበል የሚጠመቁ እናቶች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይጠመቁ።

የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ሜቶትሬክሴት፣ ፎሊክ አሲድና አለንድሮኔት በወልድያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሳይቋረጡ እንዲገኙ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነች እናትም መድኃኒቱን በውድ ዋጋ ከውጭ ለመግዛት እንዳትገደድ ያድርግ። ይህ መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ በወሎ የምትገኘው ተሁለደሬ ነበረች፤ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። የሩማቶሎጂ ሐኪም በአገራችን ጥቂት ስለሆነና ያሉትም በአብዛኛው በአዲስ አበባ ስለሚገኙ፣ የወልድያ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች በስልክ የሚያማክሩበት መሥመር እንዲዘረጋላቸው እንጠይቃለን። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ወሎ ያሉ አረጋውያን ሴቶችን የመገጣጠሚያና የአጥንት ሁኔታ ያጥና። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ደረቅ አካባቢ የሚስማሙ የማሽላና የጤፍ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረ ተቋም ነው፤ ከምርትና ከድርቅ መቋቋም ጎን ለጎን የእህሉን የካልሲየም ይዘትም መመዘኛ አድርጎ ቢይዝ ለእናቶቻችን ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ጀሪካኑን ከእናታችሁ ጀርባ አውርዱ፤ የሌሊት መብራት ከአልጋዋ አጠገብ አኑሩላት፤ መንገዷ ላይ ያለውን ገመድና ድንጋይ አንሡ። መራመድ ግን አታስቀሯት፤ በየቀኑ ቀስ እያለች ብትራመድ አጥንቷና ጡንቻዋ ይጠነክራሉ። እናንተም እናቶቻችን፣ ጠዋት ጣታችሁ አልታጠፍ ካለና በሁለቱም እጃችሁ ካበጠ፣ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትቀመጡ። በዚሁ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የምትውጡትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱና “ይህ አጥንቴን ያሳሳዋል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ።